ፓንቱን፦ ጥላው ይቀድማል፣ አካሉ ይከተላል

በማላዮች ዘንድ ልጃገረድ ለማጨት የተላኩ ሽማግሎች ደጅ እንደደረሱ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው አይጀምሩም። በዚህ ግቢ ያማረ አበባ መብቀሉን እንደሰሙ ያወራሉ፤ አበባው ባለቤት አለው ወይስ ገና ነው ብለው ይጠይቃሉ። የልጅቱ ወገኖችም ስለ አበባው ይመልሳሉ። ልጅቱ ታጭታ ከሆነ እንግዶቹ ሳያፍሩ ይመለሳሉ፤ የተጠየቀው አበባ ነውና። ለዚህ ዓይነቱ ንግግር የተሠራው ግጥም ፓንቱን ይባላል።

ፓንቱን አራት ስንኝ ያለው አጭር ግጥም ነው። በማሌዥያ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በብሩናይና በሲንጋፖር በሠርግ፣ በበዓል፣ በመድረክ ንግግርና በልጆች ጨዋታ ይሰማል። በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ በጋራ አቅርበውት ዩኔስኮ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ድርጅቱ በዚያ አካባቢ ቢያንስ ለ500 ዓመታት እንዳገለገለም መስክሯል።

ይህ መመሪያ ፓንቱንን በአማርኛ ለመግጠም ለሚፈልግ አንባቢ የተዘጋጀ ነው። ወረቀት፣ እርሳስና ግጥምዎን የሚሰማልዎ አንድ ሰው ይበቃዎታል። ማላይኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ ድምፁን ግን በጆሮዎ መስማት ስላለብዎ ጥቂት የማላይኛ ቃላት በፊደላችን አስቀምጬልዎታለሁ። ምሳሌዎቹን ሁሉ የገጠምኳቸው ለዚህ ጽሑፍ ነው።

ደረጃ 1፦ መልኩን በጆሮዎ ይለዩ

ይህን የማላይኛ ፓንቱን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ሁለት ጊዜ ያንብቡት። በየስንኙ መካከል ባለው ምልክት ላይ ትንሽ ትንፋሽ ይውሰዱ።

ኢካን ፓሪ ፥ ዲ ተፒ ሙአራ፣
ነላያን ፑላንግ ፥ መንጀላንግ ማላም፤
ጃንጋን ቻሪ ፥ ሳላህ ሳውዳራ፣
ሲምፓን ሳያንግ ፥ ዲ ሉቡክ ዳላም።

ፍቺው እንዲህ ነው፦ ፓሪ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ዳር አለ፤ ዓሣ አጥማጁ ሊመሽ ሲል ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የወንድምህን ጥፋት አትፈልግ፤ ፍቅርህን ከጥልቁ ኩሬ አኑር።

አሁን አራት ነገሮችን ያስተውሉ። አንደኛ፣ ግጥሙ ከመካከሉ ይከፈላል። የፊተኞቹ ሁለት ስንኞች ዓለምን ያሳያሉ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ሰውን ይናገራሉ። ማላዮች የፊተኛውን ክፍል ፐምባያንግ ይሉታል። ቃሉ የተሠራው ባያንግ ከሚለው ሲሆን ትርጉሙ ጥላ ነው። የኋለኛው ክፍል ማክሱድ ይባላል፤ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፣ የታሰበው ነገር ማለት ነው። በኢንዶኔዥያ ደግሞ የፊተኛውን ሳምፒራን፣ የኋለኛውን ኢሲ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሳምፒራን ልብስ ከሚሰቀልበት ነገር ጋር የተዛመደ ቃል ነው፤ ኢሲ በዕቃ ውስጥ ያለው ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ቤቱ ተሻግሮ ይመታል። አንደኛው ስንኝ ከሦስተኛው (ሙአራ፣ ሳውዳራ)፣ ሁለተኛው ከአራተኛው (ማላም፣ ዳላም)። ሦስተኛ፣ በየስንኙ አራት ዋና ዋና ቃላት አሉ፤ ዲ የምትለው «በ» እንደማለት ያለች መስተዋድድ ስለሆነች አትቆጠርም። አራተኛ፣ ከመካከለኛው ትንፋሽ በፊት ያሉት ቃላትም ይጠራራሉ፦ ፓሪ ከቻሪ፣ ፑላንግ ከሳያንግ።

እነዚህን አራቱን ከሰሙ የግጥሙን አጥንት አግኝተዋል። የቀረው ሥራ ሁሉ ጥላው (ፐምባያንጉ) አካሉን (ማክሱዱን) እንዲያስመጣው ማድረግ ነው።

ደረጃ 2፦ ከመጨረሻው ይጀምሩ

ሰሚው ጥላውን አስቀድሞ ይሰማል፤ ገጣሚው ግን ከአካሉ ቢጀምር ይቀናዋል። ለማን፣ ምን ለማለት እንደሚፈልጉ በአንድ ተራ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። ግጥም አይሁን፤ ለጎረቤትዎ እንደሚናገሩት ይሁን።

የእኔ ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ «ስትናደድ አትናገር፤ ትንሽ ቆይ፣ ነገሩ ራሱ ግልጽ ይሆናል።» ለታናሽ ወንድም የሚነገር ምክር ነው። እንዲህ በቀጥታ ቢነገር የተቆጣ ሰው አይሰማውም፤ እንዲያውም ይብስበታል። ፓንቱን የሚያስፈልገው ይኼኔ ነው። ለመናገር የሚከብድ፣ ለመስማትም የሚከብድ ነገር ይምረጡ፦ ፍቅር፣ ይቅርታ፣ ምክር፣ ውለታ፣ ስንብት። ማላዮች ቡዲ የሚሉት አንድ ትልቅ ቃል አላቸው፤ ደግነትን፣ ውለታንና መልካም ጠባይን በአንድነት ይይዛል። እጅግ ብዙ ፓንቱን የተገጠመው በዚህ ነገር ዙሪያ ነው።

ዐረፍተ ነገርዎ ሁለት ክንድ ሊኖረው ይገባል፤ ማክሱድ ሁለት ስንኝ ነውና። «አትናገር» አንዱ ክንድ፣ «ነገሩ ይጠራል» ሁለተኛው። አንድ ሐሳብ ብቻ ካለዎ ምክንያቱን ወይም ውጤቱን ይጨምሩበት። ሦስት ሐሳብ ካለዎ አንዱን ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ደረጃ 3፦ ቤቱን ይምረጡ

አማርኛ ግጥም ለለመደ ጆሮ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። የእኛ ግጥም አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን ወዲያው ይመታል፤ አንደኛው ስንኝ በ«ራ» ካለቀ ሁለተኛው ወይም የቀሩት ሁሉ በ«ራ» ያልቃሉ። በፓንቱን ግን አንደኛው ስንኝ የጣለው ድምፅ ሌላ ድምፅ በመካከል እስኪያልፍ ድረስ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ድምፁ ጠንካራ ካልሆነ ሰሚው ይረሳዋል።

ማላይኛ የአናባቢ መመሳሰልን ብቻ ይዞ ቤት ሊመታ ይችላል። ሃቲ (ልብ) ከካኪ (እግር) ጋር ቢገናኝ ደከም ያለ ቢሆንም ያልፋል፤ ሃቲ ከማቲ (መሞት) ጋር ሲገናኝ ግን ደንበኛ ነው። የአማርኛ ጆሮ ከዚህ የበለጠ ይጠይቃል፤ ፊደሉ ራሱ አንድ ካልሆነ ቤት ተመታ አይልም። «አበባ» ከ«ደመና» አይገጥምም። «አበባ» ከ«ካባ» ይገጥማል። «አበባ» ከ«ገለባ» ደግሞ ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለው ድምፅ ጭምር ስለሚመሳሰል ይበልጥ ይገጥማል። በፓንቱን እንዲህ ያለውን፣ ከኋላ ሁለት ድምፅ የሚመሳሰለውን ጥንድ ቢፈልጉ ርቀቱን ይችላል።

ወረቀትዎን ለሁለት ይክፈሉ። በግራ ለአንደኛውና ለሦስተኛው ስንኝ፣ በቀኝ ለሁለተኛውና ለአራተኛው ስንኝ የሚሆኑ አሥር አሥር ቃላት ይጻፉ። አንድ ጥንቃቄ ልንገርዎ፦ አማርኛ ግሱን ከመጨረሻ ስለሚያስቀምጥ «አለ»፣ «አለች»፣ «አል» እያሉ ቤት መምታት ይቀላል፤ የቀለለ ቤት ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል። ቢያንስ አንዱን ጥንድ ስምን ከግስ ጋር አጋጥመው ይሥሩት። እኔ ለመጀመሪያው ጥንድ «ጋራ» ከሚለው ስም ጋር «አያውራ» የሚለውን ግስ አገናኘሁ። ሁለተኛው ጥንድ ሁለቱም ግስ ሆነ፤ ስለዚህ ከግሱ ፊት የሚቆመው ቃል ብርቱ እንዲሆን ተጠነቀቅሁ፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ደረጃ 4፦ ጥላውን ያግኙ

የፓንቱን ነፍስ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ምሁራንም ሲከራከሩበት ኖረዋል። ፐምባያንጉ ከማክሱዱ ጋር የትርጉም ዝምድና አለው ወይስ ቤት ለመምታት ብቻ የተቀመጠ ነው? ቫን ኦፕሆይሰን የተባለው የኔዘርላንድ ምሁር ነገሩን በሱማትራ ከሚኖሩት የማንዳይሊንግ ሰዎች የቅጠል ቋንቋ ጋር አስተያይቶታል። በዚያ ልማድ ወጣቶች ቅጠል ይላላኩ ነበር፤ የቅጠሉ ስም ሊናገሩት ከፈለጉት ቃል ጋር በድምፅ ስለሚመሳሰል ተቀባዩ ቅጠሉን አይቶ መልእክቱን ይሰማል። በ1933 ደግሞ ሁሴን ጃያዲኒንግራት የተባለው ኢንዶኔዥያዊ ምሁር ፐምባያንጉ የማክሱዱን ድምፅ አስቀድሞ መያዙን ከጥንታዊ የቃል ኃይል እምነት ጋር አያይዞ አስረድቷል።

ከሁለቱም አንድ ነገር እንማራለን። ድምፁ ራሱ መልእክት ነው። ሰሚው «ሙአራ» ሲሰማ ጆሮው «ሳውዳራ»ን መጠበቅ ይጀምራል፤ ቃሉ ሲመጣ እንግዳ ሆኖ አይመጣም። ቢሆንም የላቀው ፓንቱን በድምፅም በትርጉምም የሚዛመደው ነው። ወደ ዓሣው ግጥም ይመለሱ። ፓሪ አሸዋ ለብሶ ከሥር የሚተኛ ዓሣ ነው፤ አጥማጁ ሲመሽ ፍለጋውን ያቆማል። ቀጥሎ «የወንድምህን ጥፋት አትፈልግ» ሲባል ሰሚው የተቀበረውን ዓሣና የቆመውን ፍለጋ በልቡ ይዟል። ማንም አላብራራለትም፤ እሱ ግን ገብቶታል።

የእኔን ሙከራ ልንገርዎ። መጀመሪያ የመጣልኝ ስንኝ ይህ ነበር፦

ዶሮዋ ሮጣ ፥ ወጣች ከጋራ

ልኩ ትክክል ነው፤ በ«ራ» ያልቃል፤ ምስልም አለው። ነገር ግን ስለ ቁጣም ሆነ ስለ ትዕግሥት የሚያመጣው አንዳች ነገር የለም። ከዚያ «ሰው ሲቆጣ ፊቱ ይጠቁራል» ወደሚል ሐሳብ ሄድሁ፤ ይህ ደግሞ ጥላ መሆኑ ቀርቶ ራሱ አካሉ ሆነ። አንደኛው ስሕተት ባዶ ጥላ ነው፤ ሁለተኛው ጥላ አልባ አካል ነው። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው ከሁለቱ ባንዱ ነው።

መካከለኛውን መንገድ ለማግኘት ከማክሱዱ ውስጥ ያለውን እንቅስቃሴ ይፈልጉ። በእኔ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ «ተናወጠ፣ ቆየ፣ ጠራ» የሚል ነው። በተፈጥሮ ወይም በሥራ ዓለም ውስጥ የሚናወጥ፣ የሚቆይ፣ የሚጠራ ምን አለ? ክረምት የሞላ ወንዝ አለ። ውኃ ልትቀዳ የሄደች ልጅ ከዳር ቆማ እስኪጠራ ስትጠብቅ አየኋት። ወንዙን ስናገር ስለ ቁጣ አላወራሁም፤ ቁጣው ግን እዚያው አለ።

ምስሉን ከሚያውቁት ስፍራ ይውሰዱ። ማላዮች ባሕርን፣ ጀልባን፣ ሩዝን፣ ሙዝን፣ ከሙሽሮች ጋር የሚቀርበውን ሲሪህ የተባለ ቅጠል ያነሣሉ፤ የኖሩበት ነውና። እርስዎ ደጋ ያደጉ ከሆነ ባሕሩን ይተዉት። ከተማ ያደጉ ከሆነም ታክሲ ተራውን፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናቡን፣ የጎረቤቱን የቡና ጭስ ይጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ ልኩን ይቁጠሩ

የማላይኛ ስንኝ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቀለም ይይዛል። ቀለም ስንል በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ የድምፅ ክፍል ማለታችን ነው። የቋንቋው ሥር ቃላት በብዛት ሁለት ሁለት ቀለም ስላላቸው አራት ቃል ሲደረደር ስምንት ይሆናል፤ ቅጥያ ሲጨመር እስከ አሥራ ሁለት ይደርሳል። ከላይ ያለው የዓሣ ፓንቱን በቅደም ተከተል 10፣ 10፣ 9 እና 9 ቀለም አለው። እንደሚያዩት የማላይኛ ልክ ትንሽ መላወስን ይፈቅዳል፤ አጥብቆ የሚይዘው የቃሉን ቁጥርና የመካከሉን ትንፋሽ ነው።

ደግነቱ የእኛ የግጥም ቤቶች ከዚህ ልክ ውስጥ ይገባሉ። ቡሄ በሉ 4 ከ4 ሆኖ 8 ቀለም ነው። ሰንጎ መገን 5 ከ5 ሆኖ 10 ነው። የወል ቤት 6 ከ6 ሆኖ 12 ነው። ሦስቱም ከመካከል ትንፋሽ አላቸው፤ ፓንቱን የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ለልጆች ጨዋታ የመጀመሪያውን፣ ለምክርና ለፍቅር ሁለተኛውን፣ ለሐዘንና ለረጅም ሐሳብ ሦስተኛውን እንዲሞክሩ እመክራለሁ። እኔ ሰንጎ መገንን መረጥሁ።

ሲቆጥሩ በጆሮዎ ይቁጠሩ፤ ፊደል እየቆጠሩ አይሳቱ። «ሲወርድ» አራት ፊደል ነው፤ በአፍ ግን «ሲ» እና «ወርድ» ሁለት ቀለም ብቻ ነው። «ልብህ» ሦስት ፊደል ቢሆንም «ልብ» እና «ብህ» ተብሎ ሁለት ይሆናል። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሐዳል። በጣትዎ ጠረጴዛውን እየነኩ ያንብቡ፤ ጣትዎ ከተደናቀፈ ስንኙም ተደናቅፏል።

ደረጃ 6፦ የውስጡን ድምፅ ያስማሙ

አሁን ሙሉውን ላሳይዎ፦

ወንዙ ደፍርሶ ፥ ሲወርድ ከጋራ፣
ቀጂዋ ቆማ ፥ ትጠብቃለች፤
ልብህ ታምሶ ፥ አፍህ አያውራ፣
ነገርም ከርማ ፥ ኩልል ትላለች።

ከትንፋሹ በፊት ያሉትን ቃላት ብቻ ወደ ታች ያንብቧቸው፦ ደፍርሶ፣ ቆማ፣ ታምሶ፣ ከርማ። አንደኛው ከሦስተኛው፣ ሁለተኛው ከአራተኛው ይጠራራሉ። የዳር ቤት ብቻ ቢኖር ግጥሙ ይቆማል፤ የመካከሉ ሲጨመር ግን ሰሚው ሁለት ክር ስለያዘ አይለቀውም። ፓንቱን በቃል የኖረ ግጥም ነው፤ ሰው በአንድ መስማት ይዞት እንዲሄድ ያስቻለው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ይህን ለማግኘት ማክሱዱን ደግመው መሥራት ሊኖርብዎ ይችላል። እኔ መጀመሪያ «ልብህ ተቆጥቶ» ብዬ ነበር። አንድ ቀለም በዛብኝ፤ ከ«ደፍርሶ» ጋርም አልተጠራራም። በ«ሶ» የሚያልቅ ሌላ ቃል ስፈልግ «ታምሶ» መጣ። ልኩ ሞላ፣ ድምፁ ገጠመ፣ ከዚያም በላይ መታመስ ለውኃም ለልብም የሚነገር ሆኖ ተገኘ። ድምፅ ፍለጋ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የተሻለ ትርጉም ይዞ ይመለሳል። በዚህ ግጥም ከሚያስደስቱኝ ነገሮች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ደረጃ 7፦ ቃሉን ይመዝኑ

አራት ስንኝ ውስጥ የሚባክን ቦታ የለም። ቃል ሲመርጡ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ።

ቃሉ የሚታይ ነው? በፐምባያንግ ውስጥ «ውበት»፣ «ተስፋ»፣ «ሕይወት» የሚሉ ቃላት አይግቡ። አበባ፣ መንገድ፣ ወፍ፣ ማድጋ ይግቡ። የማላይ ገጣሚ ስለ ወጣት ወንድና ስለ ልጃገረድ ሲናገር ኩምባንግና ቡንጋ ይላል፤ ጥቁሩ የአበባ ንብና አበባው ማለት ነው። ትሑት ሰውን ለማሳየት ሩዝን ያነሣል፤ የሩዝ ዘለላ ፍሬው በሞላ መጠን ራሱን ይደፋልና። ሰሚው እነዚህን ምልክቶች ከልጅነቱ ስለሚያውቃቸው ማብራሪያ አይፈልግም። እርስዎም ሰሚዎ የሚያውቃቸውን ምልክቶች ይጠቀሙ።

ቃሉ ከጥላውም ከአካሉም ጋር ይሄዳል? «ነገርም ቆይታ» ብል በልኩ ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን «ከረመ» ከክረምት ጋር አንድ ሥር አለው፤ ወንዙን ያደፈረሰው ደግሞ ክረምቱ ነው። አንዷ ቃል ሁለቱን ስንኞች ሰፋቻቸው። እንዲሁም «ግልጽ ትሆናለች» የሚለውን ትቼ «ኩልል ትላለች» አልሁ። ኩልል የሚለው ለጠራ ውኃ የሚነገር ቃል ነው፤ ስለዚህ ስለ ነገር እየተናገርሁ ወንዙን መልሼ አመጣሁት። በደረጃ 3 ሁለት ግስ በመግጠም የላላውን ቤት የደገፈውም ይኸው ቃል ነው።

ቃሉ አጭር ነው? የማላይ ገጣሚዎች ልክ እንዲገባላቸው ቅጥያ ይጥላሉ፤ አይደለም ማለት የሆነውን ቲዳክ አሳጥረው ታክ ይላሉ። አማርኛም ይፈቅዳል፤ «ትጠብቃለች» ከባድ ከሆነ «ጠበቀች» ማለት ይቻላል። ልኩን ለመሙላት ብቻ «እኮ»፣ «ግን»፣ «ያ» መሰግሰግ ግን ስንኙን ያላላል፤ ሰሚው ማመንታትዎን ይሰማል።

በሰምና ወርቅ ላደገ ሰው አንድ ልዩነት ልጠቁም። ሰምና ወርቅ ሁለት ትርጉም በአንድ ቃል ውስጥ ይደብቃል፤ ሰሚው ፈልፍሎ ያወጣል፣ ያላገኘው ይቀርበታል። ፓንቱን ግን አይደብቅም። ጥላውን ያሳያል፣ ቀጥሎ አካሉን ያመጣል። ሰሚውን ሊፈትን አልመጣም፤ ሊያዘጋጀው ነው። ስለዚህ በማክሱዱ ውስጥ እንቆቅልሽ አይጨምሩ። ማክሱድ በተነገረበት ቅጽበት መግባት አለበት።

ደረጃ 8፦ ለሰው ይንገሩት፣ መልስም ይቀበሉ

ፓንቱን በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ግማሽ ሥራ ነው። ማላዮች በርባላስ ፓንቱን የሚሉት፣ እየተቀባበሉ መግጠም አለ። አንዱ ፓንቱን «ይሸጣል»፣ ሌላው «ይገዛል»፤ የገዛው ወዲያው የራሱን መልስ ይሰጣል። በጃካርታ በሚኖሩት የቤታዊ ሕዝብ ሠርግ ላይ የሙሽራው ወገኖች ከሙሽሪት ደጅ ይቆማሉ፤ በፓንቱን እየተመላለሱ ካልረቱ በሩ አይከፈትላቸውም። በመላካ ከተማ ዶንዳንግ ሳያንግ የሚባለው ዜማ አለ፤ ሁለት ዘፋኞች በቫዮሊን፣ በከበሮና በጎንግ ታጅበው በፓንቱን ይነጋገራሉ። ዩኔስኮ እሱንም በ2018 መዝግቦታል። በኢንዶኔዥያ በዛሬው መድረክ ደግሞ ተናጋሪው እያንዳንዱን ስንኝ ሲጨርስ ሰሚው «ቻከፕ!» ይላል፤ «አማረ!» እንደማለት ነው።

ይህን ከዘመድ ወዳጅ ጋር ይሞክሩት። ፐምባያንጉን ብቻ ይንገሩና ዝም ይበሉ። ከዚያ ሰሚዎን «ምን የምልህ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁ። በትክክል ማክሱዱን ካገኘ ምናልባት ጥላዎ ከአካሉ በጣም ተጣብቋል። ፈጽሞ ካልመሰለው ምናልባት ርቋል። ስሜቱን ካገኘ፣ ቃሉን ግን ካላገኘ ልኩ ላይ ነዎት። ቀጥለው ማክሱዱን ይንገሩና ፊቱን ይዩ።

መልስ የሚሰጥ ሰው ከተነሣው ምስል ውስጥ አንዱን ማንሣት አለበት። እርስዎ ወንዝ ካሉ እሱ ድልድይ፣ ዓሣ ወይም ጀልባ ይበል። ያን ጊዜ ንግግሩ አንድ መልክ ይይዛል።

ደረጃ 9፦ ሲለምዱ ያያይዙ

አንዱን አንጓ በደንብ ከሠሩ ወደ ፓንቱን በርካይት፣ ወደ ተያያዘው ፓንቱን ይሻገሩ። ሕጉ አንድ ነው፦ የመጀመሪያው አንጓ ሁለተኛና አራተኛ ስንኝ ለሚቀጥለው አንጓ አንደኛና ሦስተኛ ይሆናሉ። የእኔ እንዲህ ቀጠለ፦

ቀጂዋ ቆማ ፥ ትጠብቃለች፣
ጀንበር ስትወጣ ፥ ጥላዋን ጥላ፤
ነገርም ከርማ ፥ ኩልል ትላለች፣
ዕርቅም ሲመጣ ፥ ከቁጣ ኋላ።

የተደገመው ስንኝ ተመልሶ ሲመጣ አዲስ ጎረቤት ስላገኘ ትርጉሙ ይሰፋል። በፊት «ኩልል ትላለች» የንግግር ጉዳይ ነበር፤ አሁን የዕርቅ ጉዳይ ሆነ። ይህ መልክ ሩቅ ተጉዟል። እንግሊዛዊው ዊልያም ማርስደን በ1812 ባሳተመው የማላይኛ ሰዋስው ውስጥ የተያያዘ ፓንቱን አስገብቶ ነበር፤ በ1829 ቪክቶር ሁጎ የአንዱን የፈረንሳይኛ ትርጉም በግጥም መጽሐፉ ማስታወሻ ላይ አተመ፤ ከዚያ በኋላ የፈረንሳይ ገጣሚዎች ፓንቱም እያሉ በራሳቸው ቋንቋ መግጠም ጀመሩ። ሆኖም ወደ አውሮፓ ሲሻገር በብዛት የሄደው የስንኙ መደጋገም ነው፤ የጥላና የአካሉ ክፍፍል ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ቀርቷል። እርስዎ ሁለቱንም ይዘው እንዲቀጥሉ አደራ እላለሁ።

አራት ስንኝ ለሐሳብዎ ከጠበበ በስድስትና በስምንት ስንኝ የሚገጠም ፓንቱንም አለ፤ ሁልጊዜ ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ አካል ነው። እንደ መብረቅ ፈጣን በመሆኑ ፓንቱን ኪላት የተባለ፣ ባለ ሁለት ስንኝ ደግሞ ለጨዋታ ይሆናል።

ከዘመዶቹ ጋር እንዳይቀላቅሉት

የማላይ ግጥም ፓንቱን ብቻ አይደለም። ሻኢር የሚባለው አራቱንም ስንኝ በአንድ ቤት ይመታል፤ ጥላ የለውም፣ አራቱም አካል ናቸው፣ ታሪክና ትምህርት ይተረክበታል። በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው የሱማትራው ሱፊ ሐምዛ ፋንሱሪ በዚህ መልክ በመግጠም ይታወቃል። ጉሪንዳም ደግሞ በሁለት ስንኝ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ከሁሉ የታወቀውን ራጃ አሊ ሐጂ በ1847 በፐኘንጋት ደሴት ጽፎታል። አማርኛ ግጥም በቤት አመታቱ የሚቀርበው ለእነዚህ ሁለቱ ነው። ስለዚህ ሲገጥሙ እጅዎ ወደ እነሱ ያዘነብላል። ቤቱ ሳይሻገር ከተመታ ወይም ምክሩ ከመጀመሪያው ስንኝ ከጀመረ፣ የገጠሙት ግጥም መልካም ሊሆን ይችላል፤ ፓንቱን ግን አይደለም።

ከመጨረስዎ በፊት

እነዚህን አምስት ነገሮች አንድ በአንድ ይመርምሩ።

1. የፊተኞቹን ሁለት ስንኞች ለብቻቸው ቢያነቧቸው የሚታይ ነገር አለ?
2. የኋለኞቹን ሁለቱን ለብቻቸው ቢያነቧቸው ሙሉ ሐሳብ ናቸው?
3. ቤቱ ተሻግሮ፣ ፊደል ከፊደል ገጥሟል?
4. ትንፋሹ በአራቱም ስንኝ ከመካከል ይወድቃል?
5. ከቃላቱ አንዱን ቢያወጡ ግጥሙ ይጎዳል? የማይጎዳ ከሆነ ቃሉን ይለውጡት።

ከዚያ ግጥሙን ያሰቡለት ሰው ዘንድ ይውሰዱት። በስልክ መልእክት ከመላክ ይልቅ በአፍዎ ቢነግሩት ይሻላል። ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቁሙ። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ሰሚዎ ወንዙን እያየ ነው፤ ገና አልተወቀሰም፣ ገና አልተመከረም። ከባዱን ቃል የሚሰማው ውኃው ዳር፣ ከቀጂዋ አጠገብ ቆሞ ነው።